ኢንሱሊኗ ከ38 ወደ 12 ወረደ፤ ስኳሩ ለቀቃት ማለት ነው?

የሰኞ_ገበያዋ (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ስለ ታላቅ እህቴ ልጠይቃችሁ ነው።

31 ዓመቷ ነው። ስኳር የያዛት በ17 ዓመቷ፣ ተማሪ እያለች ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች። ከማርገዟ በፊት ጠዋት 24፣ ማታ 14 ዩኒት ነበር። በእርግዝናዋ ጊዜ ከዚህም በላይ ሄዶ ነበር።

ከ8 ወር በፊት ሁለተኛ ልጇን ተገላገለች። ልጁ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። እሷ ግን እንግዴ ልጁ ዘገየባትና ብዙ ደም ፈሰሳት። ራሷን ስታ ነበር። 3 ከረጢት ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው።

ከዚያ ወዲህ ኢንሱሊኑ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። አሁን ጠዋት 8፣ ማታ 4 ብቻ ነው። እሱም እየበዛባት ነው። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልጁ አልቅሶ ተነሳሁ። አልጋዋ ላብ በላብ ሆኗል። ብጠራት አትመልስልኝም። ጣቷን ወግቼ ስለካት 41 አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ማር በድዷ ላይ ቀባሁላት። ከደቂቃዎች በኋላ ዓይኗን ገልጣ «ምነው?» አለችኝ። ምንም አታስታውስም።

እናቴ ግን ደስ ብሏታል። «ዱአዬ ሰመረ፣ ስኳሩ እየለቀቃት ነው» ትላለች። ሰደቃ ልታወጣ በግ እየጠየቀች ነው። ከወለደች በሁለተኛው ወር የተሠራላት የ3 ወር አማካይ የስኳር ምርመራም 5.6 ሆኖ «በጣም ጥሩ» ተብላለች።

ለእኔ ግን የዳነ ሰው አልመስል አለችኝ። ትደክማለች። ቁጭ ብላ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከልጅነት የያዘ ስኳር ይለቃል እንዴ? የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

አብሽሪ እህቴ። አጎቴም ስኳሩ ወርዶለት መድኃኒት አቁሟል። ክብደት ቀነሰ፣ በእግሩ መሄድ ጀመረ፣ በቃ ተስተካከለ። ጠዋት ጠዋት አብሽ ዘፍዝፎ ይጠጣል። የእናትሽን ዱአ አትናቂ።

---

ነጭ_ጋወን (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

እህቴ፣ በስኳር ክትትል ክፍል 11 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እባክሽ በዚህ ነገር አትደሰቱ። በጉም ይቆይ።

ቦርከና ዳር፣ ያንተ አጎት ኪኒን የሚውጥ፣ በትልቅነቱ ስኳር የያዘው ሰው ይመስለኛል። እሱ ክብደት ሲቀንስ በእርግጥ ይሻለዋል። የእሷ ግን ሌላ ነው። ቆሽቷ ኢንሱሊን ማምረት ካቆመ 14 ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ስኳር ዝም ብሎ አይለቅም። ኢንሱሊኑ ከበዛባት የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የተበላሸውን መፈለግ ነው።

የ3 ወር ምርመራውን በሁለተኛው ወር ነው የሠራችው አልሽ። ያን ጊዜ በሰውነቷ ከሚዞረው ደም ከፊሉ የሰው ደም ነበር። የራሷም ቢሆን ከመድማቱ በኋላ የተተካ አዲስ ደም ነው። ያ ምርመራ ደግሞ ስኳር በቀይ የደም ሴል ላይ ምን ያህል እንደተለጠፈ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ 5.6 የሚለው ቁጥር የእሷን ስኳር አይናገርም። ጣሉት።

እነዚህን መልሺልኝ፦
ጡት አጠባች ወይ? ወተት መጣላት?
የወር አበባዋ ተመልሷል?
ብርድ ይሰማታል? የብብቷ ፀጉር እንደ ድሮው ነው?
ስትነሳ ያዞራታል? ደም ግፊቷ ስንት ነው?
የኩላሊት ምርመራ በቅርብ አሠርታለች? ኩላሊት ሲደክምም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ዛሬ ማታ ብቻዋን እንዳትተኛ። ከመተኛቷ በፊት ለኩ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ለኩ። ከ70 በታች ከሆነና ነቅታ ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አትጨምሩ፣ ወደ ሳንባ ይገባል። ድዷ ላይ በስሱ ማር መቀባትሽ ግን አድኗታል። ያን እየቀባችሁ በጎኗ አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል ነው።

---

የሰኞ_ገበያዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

አነበብኩላት። አጠገቤ ናት። እሷው እየነገረችኝ ነው የምጽፈው።

ወተት አልመጣላትም። የመጀመሪያ ልጇን ሁለት ዓመት አጥብታለች። የአሁኑን ግን በሦስተኛው ቀን ጡቷ እንኳ አልጠጠረም። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ተልባ፣ ያልሞከርነው የለም። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። በዱቄት ወተት ነው ያደገው።

የወር አበባም አልመጣም። አራስ ናት ብለን ምንም አላልንም።

የብብት ፀጉር ያልሽውን ሳነብላት ዝም አለች። ከዚያ «ከወለድኩ ወዲህ ምላጭ አልነካኝም፣ የለም እኮ» አለችኝ። ለማንም አልተናገረችም ነበር። ማን ይጠይቃታል?

ብርዱን ደግሞ ደሴ ነው ብለን ትተነው ነበር። ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ማንንስ አይበርደው? ግን ባለፈው ለሠርግ ኮምቦልቻ ወርደን በቀትር፣ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ሲንቆራጠጥ፣ እሷ ጋቢ ተከናንባ ነበር። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ኩላሊቷ ከሁለት ወር በፊት ታይቶ ደህና ነው ተብሏል። ግፊቷ 85 በ55።

ድካሙን አንድ ክሊኒክ ሄዳ ነግራቸው ነበር። እንቅርት ሊሆን ይችላል ብለው ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ አሠሯት። 2.1 መጣ። «ኖርማል ነው፣ ጭንቀት ነው» አሏት። ይህን ስትነግረኝ እንባዋ መጣ።

---

ከጦሳ_ሥር (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡20

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። በስክሪን ሰው አልመረምርም፤ የምጽፈው ነገ ጠዋት ይዛችሁት እንድትሄዱ ነው። ነርሷ የጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። የምትጠረጥረው እኔም የምጠረጥረውን ነው።

በአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር ወደ ኋላ፣ በአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠች የሽምብራ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። ትንሽ ናት፣ ግን ሌሎቹን ዕጢዎች የምታዝዝ እሷ ናት። አንገት ላይ ያለውን የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድን) «ሥራ» ትላለች። ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች «ኮርቲሶል አውጡ» ትላለች። ለጡት ወተት፣ ለወር አበባ፣ ለእድገት፣ ለእያንዳንዱ የራሷ መልእክት አላት።

አሁን ወደ ስኳር። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ያወርዳል። ወደ ላይ የሚጎትቱት ደግሞ ከነሱ መካከል ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ናቸው። ሁለቱም የፒቱታሪ ሥራ ናቸው። ሰኞ ገበያ ላይ ያለውን ሚዛን አስቢው። በአንዱ ሳህን ኢንሱሊን አለ። በሌላው እነ ኮርቲሶል። ከሌላው ሳህን ዕቃው ሲነሳ የኢንሱሊኑ ወገን ይደፋል። ድሮ የሚበቃት 38 ዩኒት አሁን ገዳይ መጠን ይሆናል። ስኳሩ አልዳነም። ተቃራኒው ሳህን ነው ባዶ የሆነው።

ይህን ያሳየው ቤርናርዶ ሁሳይ የሚባል የአርጀንቲና ሐኪም ነው። ቆሽቱ የወጣበት ውሻ ስኳሩ ጣሪያ ይነካል። ፒቱታሪውም አብሮ ሲወጣ ስኳሩ ይቀልለታል። በ1947 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ፒቱታሪው ተጎድቶ ሳይታሰብ ኢንሱሊኑ ሲቀንስ ዛሬም በስሙ የሁሳይ ክስተት እንላለን።

ፒቱታሪዋ ለምን ተጎዳች? በእርግዝና ጊዜ ይህች ዕጢ ታብጣለች። ለወተት እየተዘጋጀች ነው። ሰፍታለች፣ የደም ሥሮቿ ግን ያው ናቸው፣ በዝቅተኛ ግፊት የሚመጣ ደም ነው የሚያጠጣት። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሶ ግፊቱ ሲወድቅ መጀመሪያ ደም የሚያጥራት እሷ ናት። ትደርቃለች። ሺሃን የሚባል እንግሊዛዊ በ1937 እ.ኤ.አ. በደንብ ስለገለጸው የሺሃን ሕመም ይባላል። ደም መፍሰስ ቶሎ በሚቆምበት አገር ብርቅ ሆኗል። በእኛ አገር ግን አለ። የምናየው ዘግይተን ነው፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ።

ስኳሩም ራሱ እጁ ሊኖርበት ይችላል። ለብዙ ዓመት ስኳር የኖረባቸው ሰዎች ቀጫጭን የደም ሥሮቻቸው ይጎዳሉ። ዓይንና ኩላሊት ላይ እንደምናውቀው። አይነት 1 ስኳር ያለባቸው አንዳንድ እርጉዞች ምንም ሳይደሙ፣ ገና ሳይወልዱ ፒቱታሪያቸው የተጎዳባቸው አሉ። በድንገት ከባድ ራስ ምታት፣ ከዚያ ኢንሱሊኑ መቀነስ። ስለዚህ እህትሽ ሁለት ነገር ተደራርቦባት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ላስተካክል። ማንኛዋም ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት እንግዴ ልጁ እንደወጣ ፍላጎቷ በጣም ይወርዳል። ይህ ጤና ነው። እንግዴ ልጁ ራሱ ኢንሱሊንን የሚቃወም ሆርሞን ያወጣ ስለነበር ነው። ግን በሳምንታት ውስጥ ከእርግዝና በፊት ወደነበረው ይመለሳል። የእሷ ከዚያም በታች ወርዶ 8 ወር ቆየ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ስለ ቲኤስኤች፦ ይህ ምርመራ እንቅርቷን አይለካም። ከፒቱታሪ የሚወጣውን ትእዛዝ ነው የሚለካው። እንቅርት ሲታመም ፒቱታሪ ትጮሃለች፣ ቁጥሩ ይጨምራል። ፒቱታሪ ራሷ ስትታመም ግን የምትጮህ የለችም። ቁጥሩ «ኖርማል» ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ እንቅርቱ ራሱ የሚያወጣው ሆርሞን፣ ፍሪ ቲ4፣ አብሮ መታየት አለበት። ጭንቀት አልነበረም በያት።

ነገ ሂዱ። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ የኮርቲሶል ደም፣ ፍሪ ቲ4 ከቲኤስኤች ጋር፣ ሶዲየም (የደም ጨው)፣ ፕሮላክቲን (የወተት ሆርሞን)፣ ኤፍኤስኤችና ኤልኤች (የወር አበባ ትእዛዞች)። የራስ ኤምአርአይ ይከተላል፣ ሕክምናው ግን እሱን አይጠብቅም። ትልቁ ጥንቃቄ ይኸውላችሁ፦ የታይሮይድ ኪኒን ብቻውን ቀድሞ እንዳይጀመርላት። ኮርቲሶሉ ሳይተካ ታይሮክሲን ከተሰጠ ያለችውንም ትንሽ ኮርቲሶል አቃጥሎ ሰውዬውን ይጥላል። መጀመሪያ ኮርቲሶሉን የሚተካው መድኃኒት፣ ስቴሮይዱ ነው። ካስታወከች፣ ሆዷን ካመማት፣ ከዞረባት ወረፋ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

---

ሐይቅ_መንገድ (ደሴ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ዶክተር፣ ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ይህች ዕጢ ስትወጣ ስኳር ከቀለለ፣ ታዲያ ለስኳር ሰው መጥፎ ናት ማለት ነው?

---

ከጦሳ_ሥር
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50

አንድ ጊዜ ሐኪሞችም እንዲህ አስበው ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ፖልሰን የሚባል የዴንማርክ ሐኪም ስለ አንዲት ሴት ጻፈ። ስኳር ያለባት ናት። ከወለደች በኋላ እንደዚህችው እህታችን ፒቱታሪዋ ደረቀ። ዓይኗ ውስጥ በስኳሩ የመጣው ጉዳት ግን እየተሻለ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዓይናቸው ሊጠፋ የደረሰ የስኳር ሕመምተኞች ፒቱታሪያቸው በቀዶ ሕክምና ይወጣላቸው ነበር። አንዳንዶቹ ዓይናቸው ተረፈ። ግን በስኳር መውደቅ የሞቱም ነበሩ። የዓይን ሌዘር ሲመጣ ያ ሕክምና ተተወ።

የለም፣ መጥፎ አይደለችም። በባዶ ሆድ የምንቆመው በእሷ ነው። ሌሊት ሳንበላ ስኳራችን የማይወድቀው በእሷም ጭምር ነው።

---

የወንዶች_እናት (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ለእህታችን አላህ ያሽርልን። ይቅርታ በእሷ ክር ውስጥ የራሴን ላስገባ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ሲተኛ 130 ነው። ጠዋት ሲነሳ 260፣ 280። ምንም አልበላም! እየተደበቀ ይበላል ብዬ ስንት ጊዜ ቆጥቼዋለሁ። የምግብ ሳጥኑን ቆልፌያለሁ። ይህ የእድገት ሆርሞን ያላችሁት ነገር ይሆን?

---

ከጦሳ_ሥር
ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

ቁልፉን ክፈቺለት እናቴ። ልጁ ላይበላ ይችላል።

ፒቱታሪ የእድገት ሆርሞንን በብዛት የምትለቀው በእንቅልፍ ነው። በጉርምስና ደግሞ በጣም ይጨምራል። ሊነጋጋ ሲል ኮርቲሶሉም ይነሳል። ሁለቱ ተጋግዘው ጉበቱን «ስኳር ልቀቅ» ይሉታል። ጤነኛ ልጅ ቆሽቱ ትንሽ ኢንሱሊን ጨምሮ ያስተካክለዋል። ያንተ... ይቅርታ፣ ያንቺ ልጅ ቆሽት ግን አይችልም። የንጋት ክስተት ይባላል።

ለብቻው የሚገርመኝን ልንገራችሁ፣ የዚህ ክር ጉዳይ ስለሆነ። ጤነኛ ሰው ኢንሱሊኑ ከቆሽት ወጥቶ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ነው። በመርፌ የሚወጋ ሰው ግን ኢንሱሊኑ ከቆዳ ሥር ተነስቶ መላ ሰውነቱን ዞሮ ነው ጉበት የሚደርሰው። ጉበቱ ይራባል። ጉበት ደግሞ በቂ ኢንሱሊን ሲያገኝ ነው ለእድገት ሆርሞን ታዝዞ አይጂኤፍ-1 የሚባለውን የሚሠራው። ልጅ ቁመት የሚጨምረው በዋናነት በዚህ ነው። ፒቱታሪንም «በቃሽ» የሚላት ይኸው ነው። አይጂኤፍ-1 ሲያንስ «በቃሽ» የሚላት ታጣለች፣ የእድገት ሆርሞኑን አብዝታ ትለቃለች። የበዛው ሆርሞን ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። ልጁ ግን አያድግበትም፣ ጉበቱ አይሰማውማ። ስኳራቸው ለዓመታት ሳይያዝ የቆየ ልጆች ቁመታቸው የሚያጥረውና ጉርምስናቸው የሚዘገየው አንዱ በዚህ ነው።

ሁለት ሦስት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለኪው። ደህና ሆኖ ጠዋት ከወጣ የንጋቱ ነው። ወርዶ ካገኘሽው ሌላ ነገር ነው፣ የማታው መጠን ይታይ። ኤንፒኤች የሚባለውን የማታ ኢንሱሊን በ12 ሰዓት ከእራት ጋር የሚወስድ ከሆነ ጉልበቱ እኩለ ሌሊት አካባቢ ጣሪያ ይነካና ንጋት ላይ ይለግማል። ወደ መኝታ ሰዓት ማዛወሩን ከክሊኒካችሁ ጋር ተነጋገሩ። በራስሽ መጠኑን አትጨምሪ። ቁመቱንም በየ3 ወሩ በር ላይ ምልክት እያደረግሽ ያዢ።

---

የወንዶች_እናት
ረቡዕ፣ ቀን 8፡30

ሳጥኑን ከፍቼዋለሁ። ከትምህርት ቤት ሲመጣ አውፍ በለኝ እለዋለሁ።

---

የፈረቃ_ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ማታ 4፡45

ፊት ለፊት የማልጠይቀውን እዚህ ልጠይቅ። 46 ዓመቴ ነው። ስኳር ከያዘኝ 9 ዓመት፣ ሜትፎርሚን ነው የምወስደው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለትዳሬ ፍላጎቴ ጠፍቷል። ባለቤቴ ሌላ ሴት ያለኝ መስሏት ከፍቷታል። ጢሜም እንደ ድሮው ቶሎ አያድግም። ይህም ከዚችው ዕጢ ነው?

---

ከጦሳ_ሥር
ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

ወንድሜ፣ ስለጠየቅክ አመሰግንሃለሁ። አይነት 2 ስኳር ካለባቸው ወንዶች ከሦስት ወይም ከአራት አንዱ ቴስቶስትሮኑ ዝቅ ያለ ነው። ከነሱ ብዙዎቹ ዘንድ የዘር ፍሬው ራሱ አልተበላሸም። ቴስቶስትሮን ሲያንስ ፒቱታሪ ትእዛዟን ማብዛት ነበረባት። እነሱ ላይ ግን ድምጿ ዝቅ ብሏል። በተለይ ሆድ አካባቢ ክብደት ሲኖር። ኢንሱሊንን የማይሰማው ጉበትና ጡንቻ ብቻ አይደለም፣ አንጎልም አለበት።

ጠዋት በባዶ ሆድ ቴስቶስትሮን ይታይልህ፣ በሌላ ቀን ይደገም። የፒቱታሪ ትእዛዝ የሆነው ኤልኤች አብሮ። ክብደት ስትቀንስ ብዙ ጊዜ በራሱ ይነሳል። የጂም ልጆች የሚሸጡትን መርፌ ግን አትንካ፣ ያለችውን ትእዛዝም ይዘጋታል። የስኳር ነርቭና የደም ሥር ጉዳት ደግሞ ሌላ ችግር ነው፣ ራሱን ችሎ ይታይ። ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። ሕመም መሆኑን ከሐኪም አፍ ብትሰማው ይሻላል።

---

ሐረጎ_ቁልቁለት (ደሴ)
ሐሙስ፣ ቀን 6፡20

የአክስቴ ልጅ ሐረጎ ላይ ባጃጅ ተገልብጦበት ጭንቅላቱን ተመታ። አሁን ወር ከሳምንት ሆነው። ውሃ አይበቃውም። ባለ 5 ሊትሯን ጀሪካን በቀን ሁለቴ ይጨርሳታል፣ ሌሊቱን ሲሸና ያድራል። ሰዉ ሁሉ «ስኳር ነው» አለ። ተለካ፣ 92። አክስቴ «ልማድ ሆኖበት ነው» ብላ ጀሪካኗን መደበቅ ጀምራለች። ፒቱታሪ ስትሉ ብሰማ ነው የጻፍኩት።

---

ከጦሳ_ሥር
ሐሙስ፣ ቀን 6፡35

ጀሪካኗን አሁኑኑ መልሱለት! ከዚያ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

የፒቱታሪ የኋላ ክፍል ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ኩላሊትን «ውሃውን ያዝ» የሚለው እሱ ነው። በጭንቅላት አደጋ ይህ ሲጎዳ ውሃው እንዳለ ይፈስሳል። ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ ይባል ነበር፣ ከስኳር ጋር ግን ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም። የስኳር ሰው ሽንት ጣፋጭ ነው፣ የዚህ ጣዕም የለውም፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሰዎች ስኳር እየመሰላቸው ሕመምተኞች ስለተጎዱ በ2022 እ.ኤ.አ. ስሙ ተቀይሮ የቫሶፕሬሲን እጥረት ሆኗል። ውሃ ከተከለከለ ሶዲየሙ በጣም ከፍ ብሎ ሊሞት ይችላል። መድኃኒት አለው፣ ዴስሞፕሬሲን ይባላል።

---

ሐረጎ_ቁልቁለት
ሐሙስ፣ ማታ 1፡50

ወስደነዋል። ተኝቷል። ሶዲየሙ ከፍ ብሏል አሉን። ውሃውን በአጠገቡ አድርገውለታል። አክስቴ እያለቀሰች ነው።

---

የሰኞ_ገበያዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

ይቅርታ ጠፋሁ። ረቡዕ ጠዋት ሄድን። የጻፋችሁትን በወረቀት ገልብጬ ይዤ ነበር። ያየችን ሐኪም አነበበችውና ተነስታ የእህቴን ክንድ አንስታ ብብቷን አየች። ከዚያ «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የቆየሽው እናቴ?» አለቻት። በዚያው ቀን አስተኛቻት።

የሆርሞኑ ደም አዲስ አበባ ተልኮ በአምስተኛው ቀን መጣ። ኮርቲሶል 1.8። ፍሪ ቲ4 ከታች ወርዷል፣ ቲኤስኤች ያው 2 ነገር። ፕሮላክቲን የለም ማለት ይቻላል። ሶዲየም 126። ሐኪሟ ግን ውጤቱን አልጠበቀችም፣ ደም እንደተቀዳ ነው ስቴሮይድ የጀመረችላት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እህቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «እርቦኛል» አለች። 8 ወር ሙሉ ይህን ቃል አልሰማሁም ነበር።

አሁን ቤት ናት። ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም በየጠዋቱ። ታይሮክሲኑ ከሳምንት በኋላ ይጀመራል ተብሏል። ግን ሌላ ነገር መጣ። ስኳሯ ትናንት 290፣ ዛሬ 310። እናቴ «መድኃኒቱ ያ የለቀቃትን ስኳር መለሰባት» ብላ ኪኒኑን ልትጥልብኝ ነው። ምን ልበላት?

---

ነጭ_ጋወን
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ኪኒኑ እንዳይጣል! አንድ ቀን እንኳ እንዳይቀር። የእናትሽን እጅ ሳሚልኝና እንዲህ በያቸው፦ «ስኳሩ አልሄደም ነበር፣ ተደብቆ ነበር። አሁን ሰውነቷ እየሠራ ስለሆነ ታየ።» ኮርቲሶሉ ሲመለስ ስኳሩ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። መልሱ ኪኒኑን ማቆም አይደለም፣ ኢንሱሊኑን ወደ ድሮው ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ነገ ደብተሯን ይዛችሁ ሂዱ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩላታል። ታይሮክሲኑ ሲጀመርም ትንሽ ይጨምር ይሆናል።

አንድ ወረቀት ጻፉና ቦርሳዋ ውስጥ ይግባ። «ፒቱታሪዬ አይሠራም። ስቴሮይድ እወስዳለሁ። ኢንሱሊን እወጋለሁ። ራሴን ከሳትኩ ስኳሬን ለኩ፣ ሃይድሮኮርቲሶን ውጉኝ።» ትኩሳት ከያዛት ኪኒኑን እጥፍ፣ እስኪለቃት። ካስታወካት ኪኒኑ ሆድ ውስጥ አይቆይም፣ መርፌ ነው የሚያስፈልጋት፣ ሆስፒታል።

---

ቦርከና_ዳር
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡45

እህቴ፣ ያን ቀን አብሽሪ ብዬ ማሳሳቴ ሲቆጨኝ ሰነበተ። አውፍ በይኝ። ኮምቦልቻ ስትወርዱ መኪና እንዳትፈልጉ፣ እኔ ከመናኸሪያ አደርሳችኋለሁ።

---

የሰኞ_ገበያዋ
እሑድ፣ ቀን 9፡15

ከወር በኋላ ነው የምጽፈው። ኢንሱሊኑ ጠዋት 20፣ ማታ 10 ደርሷል። ሌሊት ከ90 በታች ወርዳ አታውቅም። ታይሮክሲን ጀምራለች። የወር አበባውን የሚመልስ መድኃኒት ደግሞ ከወር በኋላ እናያለን አሏት። ሌላ ልጅ ከፈለገች መንገድ እንዳለውም ነገሯት፣ እሷ ግን አሁን ስለ እሱ መስማት አትፈልግም።

እናቴ በጉን አረደች። የመጣው ሰው ሁሉ «ስኳሩ ለቀቃት?» እያለ ሲጠይቅ «አልለቀቃትም፣ አላህ ግን ሐኪም ሰጣት» እያለች መለሰች። ስለ ረመዳን ጠይቃ ነበር፣ ሐኪሟ «አንቺ አትጾሚም፣ ዲኑም ፈቅዶልሻል» አለቻት። በፊድያ፣ በጾሙ ፋንታ ድሃ በማብላት፣ ተስማሙ።

ቦርከና ዳር፣ ጀዛከላህ። ትናንት ወርደን ነበር፣ አሳፍረኸን ስታወራ እሷ ናት ከኋላ የምትስቀው። ቤታችሁ ስንደርስ ጋቢዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ አነጠፈችና ልጁን አስቀመጠችበት።

---

ነጭ_ጋወን
እሑድ፣ ቀን 9፡40

ወረቀቱስ?

---

የሰኞ_ገበያዋ
እሑድ፣ ቀን 9፡42

አንዱ ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ካላንደሩ አጠገብ። ትልቁ ልጇ ማንበብ ስለጀመረ በትልልቅ ፊደል ነው የጻፍኩት።